ቦይለሩ አላሞቅ ሲል፦ ጥፋቱን ከውሃው መስመር ጀምሮ መፈለግ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቦይለር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው ኤሌክትሪሻን ነው። መጥቶ ሬዚስታንሱን (ውሃውን የሚያሞቀውን ክፍል) ይቀይራል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም ይቃጠላል። ሬዚስታንስ ግን ከመሬት ተነስቶ አይቃጠልም። ወይ ውሃ አጥቶ በደረቁ ነዷል፣ ወይ ከውሃው በሚቀር ኖራ ታፍኗል፣ ወይ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አላቆም ብሎታል። ያቃጠለውን ሳያገኙ የተቃጠለውን መቀየር ብር ማባከን ስለሆነ እዚህ ፍለጋው ከውሃው ይጀምራል፤ ኤሌክትሪኩ ተራው ሲደርስ ይመጣል።

የምናወራው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ ከ50 እስከ 80 ሊትር ስለሚይዘውና ከ1200 እስከ 2000 ዋት ስለሚስበው ቦይለር ነው። ውሃው ከሮቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል ወይም በፓምፕ ይገፋል። ሰማያዊ ምልክት ያለው ጫፍ የቀዝቃዛው መግቢያ ነው፤ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ እሱ ላይ ይታሰራል። ቀዩ የሞቀው መውጫ ነው። ለፍተሻው ፌዝ ቴስተር፣ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ የዳዶ ቁልፎች፣ ባልዲ፣ ሶፍትና የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ካላችሁ ይበቃል።

ከመንካታችሁ በፊት

ሻወር ስትወስዱ ወይም ቧንቧውን ስትነኩ በጥቂቱም ቢሆን ኮረንቲ የሚነዝራችሁ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ብሬከሩን አጥፉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እንዳያበራው ንገሩ፣ ባለሙያ ጥሩ። ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኮረንቲ ወደ ውሃው እያስገባ ነው ማለት ነው፤ የቤቱ የመሬት ሽቦ ደግሞ ወይ የለም ወይ ተቆርጧል። የመሬት ሽቦው በትክክል ቢሠራ ኖሮ ኮረንቲው በእሱ በኩል ይሄድ ነበር፤ እናንተን አይነካም።

በሌላውም ጊዜ ቢሆን የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አትተማመኑ። ሽቦው ተገላቢጦሽ ታስሮ ከሆነ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ነው፤ ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ቦይለሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ የታችኛውን ክዳን ክፈቱ፣ ገመዱ የሚገባባቸውን ሁለቱንም ጫፎች በቴስተር ንኩ። ሁለቱም የሞቱ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ። ቴስተሩንም አስቀድማችሁ በሚሠራ ሶኬት ሞክሩት፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ነገር የሞተ ያስመስላል።

ጤነኛ ቦይለር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

«ቦይለሩ ደክሟል» የሚባለው ብዙ ጊዜ በግምት ነው። በቁጥር መያዝ ቀላል ነው፦ የሚይዘውን ሊትር ውሃው በሚጨምረው ዲግሪ አባዙና ለ860 አካፍሉ፤ የሚያስፈልገው ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 80 ሲባዛ በ42፣ ሲካፈል ለ860፣ ወደ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1500 ዋት ሬዚስታንስ ይህን በ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። 50 ሊትር ከሆነ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ 80 ሊትሩን አብርቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አላሞቀም» ማለት ቦይለሩን መበደል ነው።

እዚህ ላይ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ የመስመሩ ቮልቴጅ። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። የሬዚስታንስ ጉልበት የሚቀንሰው ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ነው፦ በ180 ቮልት 1500 ዋቱ ወደ 1000 ዋት ይወርዳል፤ ከላይ ያሰላነው የ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሥራም ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ጠዋት ደህና ሠርቶ ማታ የሚለግም ቦይለር ካላችሁ፣ ከመፍታታችሁ በፊት በሁለቱም ሰዓት በአንድ ሶኬት ላይ ቮልቴጁን ለኩ። ጥፋቱ ከቤታችሁ ውጭ ከሆነ አዲስ ሬዚስታንስ ምንም አይፈይድም።

የውሃው ፍተሻ

መጀመሪያ የሞቀውን ቧንቧ ብቻ ክፈቱ። ጨርሶ ካልወረደ ሮቶው ባዶ ነው፣ ሳራቺኔስካው (የመስመሩ መዝጊያ) ተዘግቷል ወይም ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ተጣብቋል። ወዲያውኑ ብሬከሩን አውርዱ፤ ውሃ መኖሩ ሳይረጋገጥ ቦይለር በርቶ አይቆይም።

ቀዝቃዛው በደንብ እየወረደ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ፣ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የሻወሩን ራስና የቧንቧውን ወንፊት ፍቱና እጠቡ፤ ከዚያ ፍሌክሲብሉ ውስጡ አብጦ ወይም ተጣምሞ እንደሆነ እዩ፤ ቀጥሎ ሴፍቲ ቫልቩ ነው። ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያላችሁ ግፊት 0.2 ባር ነው (10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል)። የቼክ ቫልቩ ስፕሪንግ ለመከፈት ከዚሁ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፤ ትንሽ አሸዋ ወይም ዝገት ሲጨመርበት ውሃው ክር ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት ቦይለሩን መክሰስ አይገባም፤ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ፓምፕ ማስገባት ነው መፍትሔው። ፓምፕ ስታስገቡ ግን ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ምንጭ ይቀዱ። ቀዝቃዛው በፓምፕ፣ ቦይለሩ በሮቶ ከሆነ፣ ጠንካራው ቀዝቃዛ ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ውስጥ ደካማውን ሙቅ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሬዚስታንስ በተደጋጋሚ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ቼክ ቫልቩ ስለማይዝ ነው። የቼክ ቫልቩ ሥራ ቦይለር ውስጥ የገባ ውሃ ወደ መጣበት እንዳይመለስ ማገድ ነው። ካላገደ፣ ውሃ ሲጠፋና አንድ ሰው ሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ሲተወው፣ አየር በላይ ይገባና የቦይለሩ ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ቁልቁል ይሄዳል። መብራቱ በርቶ ከሆነ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይቀራል፤ ለመቃጠል የሚፈልገው ደቂቃዎች ብቻ ነው። የዚህ ችግር ምልክት ቤት ውስጥ ይታያል፦ ውሃ የጠፋ ቀን ከወጥ ቤቱ የቀዝቃዛ ቧንቧ ለብ ያለ ውሃ ይወርዳል። ያ ውሃ ከቦይለሩ የሸሸ ነው።

በእርግጠኝነት ለማወቅ እንዲህ ፈትሹ፦

1. ብሬከሩን አውርዱ።
2. ከሮቶ ወይም ከመንገድ የሚመጣውን ዋና ሳራቺኔስካ ዝጉ።
3. ከቦይለሩ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቦይለሩ ከሚጠጣበት መስመር የሚቀዳ የቀዝቃዛ ቧንቧ ክፈቱ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ይውረድ።
4. ከዚያ የሻወሩን ሙቅ በኩል ክፈቱ።
5. የታችኛው ቧንቧ በአጭር ጊዜ ከደረቀ ቼክ ቫልቩ ይዟል። ሙቁን ስትከፍቱ እንደገና መፍሰስ ከጀመረና ውሃው ለብ ካለ፣ ቫልቩ ያሳልፋል።

የሚያሳልፍ ቫልቭ አይጠገንም፤ ሙሉውን ሴፍቲ ቫልቭ ቀይሩ። ዋጋው ከሬዚስታንስ ያነሰ ነው። ስትገዙ አካሉ ላይ ያለውን ቀስት እዩ፤ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ መጠቆም አለበት። ግፊቱም ከቦይለሩ ታርጋ ጋር ይመሳከር፤ የተለመደው 8 ባር ወይም 0.8 ሜጋፓስካል ተብሎ ይጻፍበታል። ቧንቧ ሠራተኞች አንዳንዴ ሴፍቲ ቫልቩን አውጥተው ተራ ቼክ ቫልቭ ብቻ ያስራሉ። ይህ አደገኛ ነው፦ ውሃው ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል፣ ቴርሞስታቱም ከተበላሸ ቦይለሩ ወደ ቦምብነት ይለወጣል።

ሙቁ ቶሎ ሲያልቅ፣ ወይም ሁልጊዜ ለብ ሲል

ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሮ ጠዋት ውሃው ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሬዚስታንሱን ከመጠርጠር በፊት የቀዝቃዛ መቀላቀልን አጣሩ። የቦይለሩን የቀዝቃዛ መግቢያ ዝጉና የሞቀውን ቧንቧ ብቻ ክፈቱ። መግቢያው ተዘግቷልና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውሃው መቆም አለበት። መፍሰሱን ከቀጠለ ቀዝቃዛው ሌላ ቦታ ላይ ወደ ሙቁ መስመር እየተሻገረ ነው።

የሚሻገርበትን ቦታ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው የእጅ መርጫ በሚክሰር የሚሠራ ከሆነ፣ ሰው ሁለቱንም እጀታ ክፍት ትቶ ውሃውን ከመርጫው ጫፍ ብቻ ይዘጋዋል። በዚያች ቅጽበት ሚክሰሩ የሙቁና የቀዝቃዛው መተላለፊያ ድልድይ ሆኗል። እጀታዎቹን ዝጉና ፈተናውን ድገሙት። አሁንም ከቀጠለ በእያንዳንዱ ሚክሰር ሥር ያሉትን ሁለት ማዕዘን ቫልቮች ተራ በተራ ዝጉ፤ ሲዘጋ ውሃውን የሚያቆመው ሚክሰር ጥፋተኛው ነው፤ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ ይቀየራል።

መሻገር ከሌለና ውሃው መጀመሪያ በደንብ ሞቆ ከሁለትና ሦስት ባልዲ በኋላ ድንገት የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ቀዝቃዛውን ወደ ታች የሚበትነው ወይም ሙቁን ከላይ የሚቀዳው የውስጥ ቱቦ ተሰብሮ ይሆናል። የገባው ቀዝቃዛ በቀጥታ ወደ መውጫው ይሄዳል። ይህን ቦይለሩን ሳይከፍቱ ማየት አይቻልም።

ኤሌክትሪኩ

ውሃው ጤነኛ ከሆነ ወደ ላምባዲናዋ ተመልከቱ። አስቀድማችሁ ግን የት እንደታሰረች እወቁ፤ ውሃው በደንብ ሲሞቅ የምትጠፋ ከነበረች ከቴርሞስታቱ በኋላ ናት፣ ምንጊዜም የማትጠፋ ከነበረች መብራት መግባቱን ብቻ ነው የምትነግራችሁ። ከቴርሞስታት በኋላ ያለች ላምባዲና በርታ ውሃው ከቀዘቀዘ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። ጠፍታ ውሃውም ከቀዘቀዘ መብራት አልደረሰም፣ ቴርሞስታቱ ከፍቷል ወይም የሙቀት መከላከያው ቆርጧል።

የሙቀት መከላከያው ቴርሞስታቱ ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። ብሬከሩ ወርዶ እያለ በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን በሏት፤ «ቀጭ» ካለች ቆርጣ ነበር። አንዴ መመለሷ ችግር የለውም። ከቀናት በኋላ እንደገና ከቆረጠች ግን ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ወይ ቴርሞስታቱ ማቆም አቅቶታል፣ ወይ የቴርሞስታቱ ዘንግ የሚገባበት ቱቦ በኖራ ተሸፍኖ የውሃውን ሙቀት ዘግይቶ ያነባል። አዲስ አበባ ባላት ከፍታ ውሃ ክፍት አየር ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሙቁን ስትከፍቱ ውሃው ከእንፋሎት ጋር እየተፋ ከመጣ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ አልፏል። ቧንቧውን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቴርሞስታቱ ይቀየራል፤ አይጠጋገንም።

ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለመለካት ሁለቱን ሽቦዎች ከጫፎቹ ላይ ፍቱ፤ ካልፈታችኋቸው የምታነቡት የላምባዲናዋንም ጨምሮ ነው። በ220 ቮልት ለሚሠራ 1200 ዋት ወደ 40 ኦም፣ 1500 ዋት 32 ኦም፣ 2000 ዋት 24 ኦም መነበብ አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከሬዚስታንሱ፣ ሌላውን ከቦይለሩ ብረት ጋር አገናኙ። ጤነኛ ሬዚስታንስ እዚህ ምንም አያሳይም። በሺህ ኦሞች የሚቆጠር ንባብ ካያችሁ ሬዚስታንሱ ወደ ውሃው ያፈሳል፤ ውሃ ቢያሞቅም እንኳ ከሥራ ውጭ ነው።

ብሬከር የሚወድቅበት ጊዜ ራሱ ይናገራል። ገና ስታበሩት ወዲያው ከወደቀ ሾርት ነው። 20 ወይም 30 ደቂቃ ሠርቶ ከወደቀ የላላ ዳዶ ወይም ቀጭን ሽቦ እየጋለ ነው፤ ብሬከሩ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፈልጉ። 2000 ዋት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ የራሱ መስመር፣ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይገባዋል። በኤክስቴንሽን የሚሠራ ቦይለር ካያችሁ ሌላ ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሌሎቹ ብሬከሮች ሳይነኩ 30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ (ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጠው መሣሪያ) ብቻ ከወደቀ ደግሞ ወደሚያፈሰው ሬዚስታንስ ተመለሱ፤ አርሲዲውን አውጥቶ «ችግሩን መፍታት» ሰው ይገድላል።

ሲያንጠባጥብ፣ ሲዝግ፣ ሲሸት

ከሴፍቲ ቫልቩ የሚንጠባጠብ ውሃ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ1.25 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ቼክ ቫልቩ መመለሻውን ስለዘጋበት የሚወጣው በሴፍቲ ቫልቩ ቀዳዳ ነው። ባዶ የ2 ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ እሰሩና አንድ ሙሉ ማሞቅ ጠብቁ። እስከ አንድ ሊትር ተኩል ከሆነ ጤነኛ ነው። ሃይላንዱ ሞልቶ ከፈሰሰ፣ ወይም ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ካንጠባጠበ፣ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል። እጀታውን ሁለት ሦስቴ አንስታችሁ ቆሻሻውን አጥቡት፤ ካልቆመ ግፊቱን በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) አስለኩና ከበዛ ወደ 3 ባር የሚያወርድ ግፊት ቀናሽ ይታሰር። ቀዳዳዋን በእንጨት ወይም በቡሎን የደፈኑ ቤቶች አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

ሌላ ቦታ የሚታየውን እርጥበት በሶፍት አድርቁና የት እንደሚጀምር ጠብቁ። ሬዚስታንሱ ከታሰረበት ክብ ክዳን ከሆነ ጋስኬቱ (ማሸጊያ ጎማው) ነው። ከቆርቆሮው ስፌት የዛገ ውሃ የሚወጣ ከሆነ ግን የውስጡ ታንክ ተበስቷል፤ ብየዳ ኢናሜሉን (የታንኩን የውስጥ ልባጥ) ስለሚያቃጥለው አይረባም፣ ቦይለሩ ይቀየራል።

ዝገት የመሰለ ውሃ ካያችሁ ቀዝቃዛውንም ቅዱ። ሁለቱም ከቀሉ ጥፋቱ የብረት ቧንቧው ወይም የሮቶው ዝቃጭ ነው። ሙቁ ብቻ ከቀላ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ አልቆ ታንኩ ራሱ መዛግ ጀምሯል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ ቴርሞስታቱን ወደ 70 ከፍ አድርጋችሁ ለሰዓታት አቆዩና ሁሉንም ቧንቧ አፍስሱ፣ ልጆች እንዳይቃጠሉ እየተጠነቀቃችሁ። ከዚያ በኋላ 60 ላይ መልሱት።

ሬዚስታንሱን መቀየር

ብሬከሩን አውርዱ፣ ሁለቱንም ጫፍ ፈትሹ፣ የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አየር እንዲገባ ሙቁን ክፈቱና በሴፍቲ ቫልቩ እጀታ በኩል ወደ ባልዲ አፍስሱ፤ በዚህች ቀጭን መንገድ 80 ሊትር ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ።

ሽቦዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ቴርሞስታቱን ሳቡት፣ ሬዚስታንሱ የታሰረበትን የክብ ክዳን ዳዶዎች ፍቱ፣ የመጨረሻውን ስትፈቱ ባልዲው ከሥር ይሁን፤ ታንኩ ግርጌ ሁልጊዜ የቀረ ውሃና ዝቃጭ አለ። የወጣውን ሬዚስታንስ በደንብ እዩት፣ ምክንያቱን ይዞት ነው የሚወጣው። የላይኛው ክፍሉ ጠቁሮ፣ አብጦና ተሰንጥቆ ታችኛው ደህና ከሆነ በደረቁ ነዷል፤ ቼክ ቫልቩን ሳትቀይሩ አትዝጉት። ዙሪያውን ነጭ ወፍራም ቅርፊት ለብሶ ከሆነ ኖራው ነው ያፈነው፤ ከመቃጠሉ በፊት ቦይለሩ እንደ ጀበና ሲንጣጣ ሰምታችሁ ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ በአጠቃላይ ከግድብ ውሃ የበለጠ ኖራ ይይዛል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ በምትጠቀመው በድሬዳዋ ቦይለሩን በየዓመቱ ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ኖራውን ከታንኩ ውስጥ በእጅ ዝቃችሁ አውጡ፤ በካቻቢቴ አትፋቁ፣ ኢናሜሉ ይሰነጠቃል። የቴርሞስታቱን ቱቦ በአቼቶ ወይም በሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙታችሁ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉትና አለቅልቁት። የማግኒዚየሙ ዘንግ ከግማሽ በታች ከቀረ ወይም መሃሉ ያለው የብረት ሽቦ ከታየ አብራችሁ ቀይሩት፤ ከክዳኑ ብረት ጋር መነካካቱን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ አይሠራም።

አዲስ ጋስኬት አድርጉ። አሮጌው ደህና ቢመስልም አንዴ የተጨመቀ ጋስኬት ሁለተኛ አይዘጋም። ዳዶዎቹን በአንድ ጎን በኩል ጨርሳችሁ ሳይሆን ፊት ለፊት እያመሳሰላችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ሽቦውን ገና አታገናኙ። ሙቁ ክፍት እንዳለ የቀዝቃዛውን መግቢያ ክፈቱ፤ መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ከዚያ እየተቆራረጠ ውሃ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። አንድ ባልዲ ሙሉ ሳይቆራረጥ ከወረደ ታንኩ ሞልቷል። ሙቁን ዝጉ፣ ክብ ክዳኑን በሶፍት ዞሩት፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ዞሩት። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ሽቦውን በፎቶው መሠረት እሰሩ፣ የመሬት ሽቦውን አትርሱ፣ የታችኛውን ክዳን ግጠሙና ብሬከሩን አንሱ።

መጀመሪያ ሞልቶ ከሞቀ በኋላ ብሬከሩን አውርዱና ሽቦዎቹን የሚሸፍነውን የታችኛውን ክዳን ብቻ ክፈቱ። ጋስኬቱ በሙቀት ስለሚለሳለስ የክብ ክዳኑ ዳዶዎች ሩብ ዙር ያህል ሊቀበሉ ይችላሉ፤ በቀስታ ሞክሯቸው፣ እንቢ ካሉ አታስገድዷቸው።